ከጂራ ሪፖርት በየሥራ አስኪያጁ ለይቶ ስለማውጣት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ጂራ (ሥራ የምንከታተልበት ሶፍትዌር) እያንዳንዱ ሥራ ለማን እንደተሰጠ ያውቃል። የዚያ ሰው አለቃ ማን እንደሆነ ግን በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ በሥሩ ያሉት ሰዎች የሚገቡበት አንድ ግሩፕ ጂራ ላይ እንክፈት። ከዚያ «ሜምበርስ ኦፍ» (membersOf) በሚለው የፍለጋ ትዕዛዝ የግሩፑን ሰዎች ሥራ በሙሉ ማውጣት ይቻላል። ፍለጋውን እንደ ፊልተር ሴቭ አድርጎ ዳሽቦርድ (ሪፖርቶች በአንድ ላይ የሚታዩበት ገጽ) ላይ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ግሩፑ የሚያሳየው የዛሬውን አባል ብቻ ነው። ሰው ቡድን ሲቀይር ያለፉት ወራት ሥራው ሁሉ ወደ አዲሱ አለቃ ሪፖርት ይዞራል። የድሮ ቡድኑ ያንን ሥራ ያልሠራ ይመስላል፤ ይሄ ደግሞ ለፍተው ለሠሩት በደል ነው። ሥራው ሲዘጋ የአለቃው ስም ቲኬቱ (የሥራው መዝገብ) ላይ የሚመዘገብበት ተጨማሪ ፊልድ ያስፈልገናል። ስሙን በራሱ የሚሞላውን አውቶሜሽን እኔ እሠራዋለሁ። እናንተ የቡድናችሁን ስም ዝርዝር እስከ ዓርብ ላኩልኝ።