ልጆቻችን የቤታቸውን ቋንቋ ይዘው ክፍል እንዲገቡ ያቅማችሁን አዋጡ

ሰላም ወላጆች፣ መምህራንና የትምህርት ቤታችን ወዳጆች! በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለአንደኛ ደረጃ ልጆቻችን የቋንቋዎች ሳምንት ልናዘጋጅ ነው። ገንዘባችሁን፣ ጊዜያችሁንና ድምፃችሁን እንፈልጋለን።

ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ የሚያወሩትን ቋንቋ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ትተውት ይገባሉ። የከለከላቸው ሰው የለም፤ ግን ክፍል ውስጥ ስለ ቋንቋቸው የጠየቃቸውም ስለሌለ የማይጠቅም ነገር ይመስላቸዋል፣ እያደር እናታቸው በቋንቋዋ ስታናግራቸው በሌላ መመለስ ይጀምራሉ። እዚያ ከተደረሰ መመለሻው ከባድ ነው። ዩኔስኮ እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው በሚናገረው ወይም በሚገባው ቋንቋ የመማር ዕድል የለውም። ይህን እኛ አንቀይረውም። አንድ ልጅ በቋንቋው እንዳያፍር ማድረግ ግን እንችላለን።

ዝግጅቱን ያሰብነው የካቲት 14 በሚውልበት ሳምንት ነው፤ ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ስለሆነ። ቀኑ የተመረጠው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የዛሬዋ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ በሆነችው ዳካ ውስጥ ቤንጋሊ ቋንቋቸው እውቅና እንዲያገኝ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ ዩኔስኮ በ1999 ቀኑን ያወጀውም ከባንግላዴሽ በመጣ ሐሳብ ነው። ይህን ለትልልቆቹ ልጆች በልካቸው እንነግራቸዋለን።

ለትንንሾቹ ጨዋታ አለ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ፣ ከ800 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ ኦክሳፕሚን የሚባሉ ሰዎች በገላቸው ይቆጥራሉ፤ ከአንዱ እጅ አውራ ጣት ተነስተው በክንድ፣ በትከሻና በጆሮ አድርገው አፍንጫ ላይ ሲደርሱ 14፣ ከዚያ በሌላኛው ጎን ወርደው ትንሿ ጣት ላይ 27 ይላሉ። ልጆቹ ሁሉም ተነስተው አብረው ይቆጥራሉ። አውስትራሊያ ውስጥ የጉጉ ይሚዲር ተናጋሪዎች ደግሞ «በግራህ በኩል» በማለት ፋንታ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ይላሉ፤ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አራቱን አቅጣጫ እንለጥፍና ልጆቹ ለግማሽ ቀን እንዲያ እንዲያወሩ እናደርጋለን። ከስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ላ ጎሜራ ሰዎች ከሸለቆ ሸለቆ በፉጨት ይነጋገራሉ፣ ልጆቹ እሱንም ያዳምጣሉ። የምልክት ቋንቋም ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ልጆች በጊዜ ማወቅ አለባቸው ብዬ ስለማምን፣ መስማት የተሳነው መምህር ጋብዘን ራሱ እንዲያስተምራቸው እንፈልጋለን።

ባንዲራ ሰቅለን፣ ፎቶ ተነስተን መበተን አንፈልግም። የሚቀር ነገር ይኑር። እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ፣ ከአክስቱ ወይም ከጎረቤት በቤቱ ቋንቋ አንድ ተረት ይቀዳል፤ ከዚያ ራሱ ሥዕል ይሥልበታል፣ ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ይታተማል። መጽሐፉና የድምፅ ቅጂው ቤተ መጻሕፍታችን ይገባሉ፣ በየዓመቱም ይጨመርበታል። የአያት ድምፅ ዛሬ ካልተቀዳ ነገ ላይገኝ ይችላል፣ ለዚህ ነው የምቸኩለው።

ገንዘቡ የሚውለው ለድምፅ መቅረጫ፣ ለኅትመት፣ ለምልክት ቋንቋ መምህሩና ለአስተርጓሚው ክፍያ ነው። ሌላውን ሥራ በነፃ የምንሠራው እኛው ነን። የመጠን ወሰን የለም፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የሂሳብ ቁጥሩን ከወላጆች ኮሚቴ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ጠይቁ፤ የገባውና የወጣው እያንዳንዱ ሳንቲም በወላጆች ግሩፕ ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብ የማይመቻችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ስጡን። ክፍል ውስጥ ማንም የማይናገረው ቋንቋ የምትችሉ ከሆነማ በጣም እንፈልጋችኋለን። መተየብ፣ መተርጎም ወይም የተቀዳውን ማረም የምትችሉም ስማችሁን ለኮሚቴው አስመዝግቡ። መቅዳት የምንጀምረው ከቋንቋዎች ሳምንቱ በፊት ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ በሉ፤ ማተሚያ ቤት ጊዜ ይወስዳል።