ለልጄ፦ ከመፈረማችን በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

በኧርሊ ዲሲዥን ለማመልከት መወሰንሽን እናትሽ ነግራኛለች። የመረጥሽውን ኮሌጅ አልነቅፍም፤ ነገር ግን ስምምነቱ ላይ ከአንቺና ከትምህርት ቤት አማካሪሽ ጋር እኔም ስለምፈርም፣ ሐሳቤን በጽሑፍ ላስፍርልሽ።

ኧርሊ ዲሲዥን ለአንድ ኮሌጅ ብቻ የሚገባ ቃል ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኖቬምበር 1 ወይም 15 አመልክተሽ በዲሴምበር አጋማሽ ከተቀበሉሽ፣ የቀሩትን ማመልከቻዎች ሁሉ ሰርዘሽ እዚያው ትገቢያለሽ። ኧርሊ አክሽን ግን መልሱን ቀደም ብሎ ያሳውቅሻል እንጂ አያስርሽም፤ የየኮሌጁን የገንዘብ ዕርዳታ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጠን እስከ ሜይ 1 ድረስ ማመዛዘን እንችላለን። ሃርቫርድና ዬል የሚሠሩበት፣ የማያስር ነገር ግን በዚያው ወቅት ለሌሎች የግል ኮሌጆች በኧርሊ ማመልከትን የሚከለክል መንገድም አለ፤ እሱ አንቺን አይመለከትም።

በኧርሊ ዲሲዥን የምናጣው ይህንኑ ማመዛዘን ነው። ቀድሞ ያመለከተ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል ሲባል ሰምተሻል፤ ከፍ ብሎ በሚታየው መቶኛ ውስጥ ግን ለስፖርት የተመለመሉ ተማሪዎችም ተቆጥረዋል። ዋጋውን ሳያወዳድር የሚፈርም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘብ የማያሳስበው ቤተሰብ ነው። ዕርዳታው ካልበቃን ከስምምነቱ መውጣት እንደሚፈቀድ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ለመደበኛው ማመልከቻ የሚቀረን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ አብረን እንቀመጥና ከዕርዳታ በኋላ ምን ያህል እንደምንከፍል የሚገምተውን የኮሌጁን የወጪ ማስያ እንሙላ፤ ኮሌጆች ይህን በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳቸዋል። እኔ ታክሲዬን የማንቀሳቅሰው እንደ ግል ንግድ ስለሆነ፣ ማስያው የሚሰጠን ቁጥር ሊሳሳት ይችላል፤ ብዙ የግል ኮሌጆች ዕርዳታውን የሚወስኑበት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው ቅጽ፣ ማስያው በዝርዝር ላይጠይቅ የሚችለውን የንግድ ገቢና ንብረት ለብቻ ይጠይቃልና። በመሆኑም የዕርዳታ ቢሮውን በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን ማመልከቻ ግን በማንኛውም ሁኔታ ከኖቬምበር 1 በፊት አስገቢ። የመንግሥት ስለሆነና ኧርሊ አክሽኑም ስለማያስር ከኧርሊ ዲሲዥን ጋር አይጋጭም፤ በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕም ከዚያ ቀን በኋላ ላመለከተ አይታሰብም።

ኮሌጁ የሚነግረን ወጪ የምንችለው ከሆነ ያለ ቅሬታ እፈርማለሁ። ካልሆነ በመደበኛው ጊዜ ለዚያው ኮሌጅ አመልክቺ፤ የዕርዳታ ደብዳቤያቸው ሲመጣ ከሜሪላንዱ ጋር እናስተያየዋለን። የግብር ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሻለሁ።

አባትሽ