«ፖዘቲቭ» ምኑ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቋንቋ ዓምዳችሁ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ትተን «አዎንታዊ» እንበል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። እኔ ግን 26 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ይህ ቃል ውጤት መስጫው መስኮት ላይ ሲነገር ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁና ጥቂት ልበል።

በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋን ክትትል የጀመረች ልጅ ደም ሰጥታ ትጠብቃለች። ባልደረባዬ ወረቀቷን እያቀበላት «ፖዘቲቭ ነሽ፣ ካርድሽ ላይ ያስፍሩልሽ» አላት። የደም ዓይነቷን ማለቱ ነው፤ ኦ ፖዘቲቭ ናት። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ለምሳ ስወጣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ምነው እህቴ፣ አዋላጇ ጋ አልገባሽም?»

«ለባሌ ምን ብዬ ልንገረው?» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በጣቴ እያሳየሁ አንድ በአንድ አነበብኩላት። የደም ዓይነት፣ ኦ ፖዘቲቭ። ኤችአይቪ፣ ናን ሪአክቲቭ፤ ማለትም የለብሽም። ሄፓታይተስ ቢ፣ ኔጌቲቭ፤ እሱም የለብሽም። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። የኤችአይቪ ውጤት በመስኮት እንደማይነገር፣ ለብቻ ተቀምጠው እንደሚያነጋግሯት እሷ በምን ታውቃለች?

ቃሉ ላብራቶሪ ውስጥ ክፉም ደግም አይደለም። የፈለግነው ነገር ተገኘ ማለት ነው፣ በቃ። ደም ላይ ፖዘቲቭ ስንል፣ በቀይ የደም ሴል ላይ ያ አርኤች የሚባለው ፕሮቲን አለ ማለታችን ነው። አክታ ላይ ስንል የቲቢ ባክቴሪያ ታየ ማለት ነው። ሽንት ላይ ስንል እርግዝና አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት ልጅ የጠበቀች ሴት ይህን ስትሰማ እልል ትላለች። መካኒኩም የባትሪውን ቀዩን ገመድ «ፖዘቲቭ» ይለዋል። ሕዝባችን ግን ያንን የኤችአይቪ ክፉ ዘመን ካየ ወዲህ፣ ቃሉ ለብቻው ከተነገረ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፖዘቲቭ ናት አሉ» በሹክሹክታ ሲባል ስለ ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ኔጌቲቭም ያው ነው፤ እንዲያውም እሱ የባሰ ያሰጋኛል። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነ እናት «ኔጌቲቭ ነሽ» ስትባል ተመስገን ብላ ልትሄድ ትችላለች። የፅንሱ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ሰውነቷ የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ሊያመርት ይችላል፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚብሰው በቀጣዩ ልጅ ላይ ነው። ለዚህ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለባት። ይህችን እናት «ኔጌቲቭ» በሚል አንድ ቃል ሸኝቶ ዝም ማለት በፍጹም አይገባም።

ታዲያ «አዎንታዊ» ብንል ይሻላል? እኔ አይመስለኝም። ቃሉ ከ«አዎን» የወጣ ነው፤ በዕለት ንግግራችን ደግሞ ደግ ነገር ማለት ሆኗል። «አዎንታዊ ምላሽ አገኘን» የሚል ሰው ደስ ብሎት ነው። ሲያስል የከረመ አባት «የአክታ ምርመራዎ አዎንታዊ ነው» ቢባል መርቆኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መድኃኒቱንም ሳይጀምር ይቀራል።

እኔ የምለው፣ ምኑ እንደሆነ እንናገር። «የደም ዓይነትሽ ኦ ፖዘቲቭ ነው።» «በአክታዎ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ተገኝቷል።» «ወባ አልተገኘብህም።» ተገኘ፣ አልተገኘም። ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እናንተም የጤና ዜና ስትጽፉ እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ከዚያች ልጅ በኋላ መስኮቴ ላይ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት ነበር፦ «ውጤት ሲነገርዎ ‹ምኑ?› ብለው ይጠይቁ።» ይጠይቁኝ ጀመር። ወረፋው ትንሽ ይረዝም ነበር፤ ወረቀቱን ግን ጡረታ እስክወጣ አላነሳሁትም።

ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ
ከአዳማ