ጨርቁን ንቀይው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ሳልጠግብ ለቁጣ መጻፌ እኔንም ከፍቶኛል። አክስትሽ እሑድ ከድሬ ወደ ሐረር ስትመለስ ሕፃኗ የእናትሽን ግንባር እንደያዘች ነገረችኝና ደስ አለኝ። ቡናዋን ፉት ብላ ደግሞ፣ «ክፍሉ ግን እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ነፋስ እንዳይገባ ብላ ሁለቱንም ቀዳዳ በጨርቅ ወትፋቸዋለች፤ ቡናውም እዚያው አልጋዋ አጠገብ ይፈላል» አለችኝ። ስኒዬን አስቀመጥሁ።

ልጄ፣ ቀዳዳውን አትድፈኚ። ንባቡን ሳትጨርሺ ተነሺና ጨርቁን ንቀይው።

የግንበኛ ልጅ ነሽ። አንዱ ቀዳዳ ከታች፣ ሌላው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር የተተወው ለጌጥ አይደለም። የሞቀው አየር በላይኛው ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ያለው በታችኛው ይተካል። አንዱን ብቻ መክፈት ግማሽ ሥራ ነው። እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉትን የድሮ የባቡር ቤቶች አይተሽ የለም? ጣሪያቸው ያን ያህል ከፍ ያለው ሠሪዎቹ የድሬን ሙቀት ስላወቁት ነው። ዛሬ ብሎኬት ቆልለን፣ ቆርቆሮ ደፍተን፣ በቀዳዳ የምንሰስት እኛ ነን።

ቢምቢውን እኔም እፈራለሁ፤ በ2014 የወባው ወረርሽኝ ድሬ ላይ ያደረገውን አይተናል። ደቃቅ ወንፊት ሽቦ በእንጨት ፍሬም አስወጥሪና በብሎን ይታሰር፤ በምስማር አይመታ፣ ካልወለቀ አይታጠብም። በየሁለት ሳምንቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና እጠቢው፤ አቧራ የደፈነው ሽቦ ከጨርቅ አይሻልም። አጎበሩ አይነሣ። የውኃውን በርሜል ክደኚው፤ ያ አዲሱ የወባ ትንኝ እዚያም ይራባል። አልጋውን ከሁለቱ ቀዳዳዎች መስመር አውጪው።

«እናቴ ነፋስ ይመታል እያለች ነው ያሳደገችኝ» እንደምትይ አውቃለሁ። የሚከብደኝም እሱን መናገር ነው።

ኅዳር 1986፣ አንቺ የአምስት ወር ልጅ ሳለሽ፣ ብርዱ ቢጠናብን የክፍላችንን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈንሁት። እናትሽ «ተወው» ብላኝ ነበር። ማታ ፍም የሆነውን ከሰል ከነማንደጃው አስገባሁ፤ ጭስ ከሌለው ምን ያደርገናል ብዬ። ለቅሶሽ ቀሰቀሰኝ። ራሴ ድንጋይ ሆኗል፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ እስከ በሩ በደረቴ ተሳብሁ። አንቺን አውጥቼ እናትሽን በነጠላዋ ጎተትኋት። በረንዳው ላይ ነፍሷ ስትመለስ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ «ምች ነው፤ ነፋስ መታት» አልሁ። ግንበኛ ነኝና አፈርሁ። የመታን ከፍም የሚወጣው ጋዝ ነበር፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን የተማርሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔም ዝም አልሁ። እሷ ያልኋትን አመነች። እስከ ዕለተ ሞቷ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ነጠላዋን ራሷ ላይ ትጥል ነበር። ለአንቺ ያወረሰችሽ የእኔን ውሸት ነው።

ቀዳዳውን አትድፈኚ። ክፍትም ቢሆን ከሰል ወደ ክፍሉ አይግባ፤ አመድ የለበሰ ፍምም ቢሆን። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ዓርብ እመጣለሁ፤ ሽቦውን ከዚህ ይዤ። የቀዳዳዎቹን ወርድና ቁመት ለክታችሁ ለአክስትሽ ደውሉላት፤ እኔ እንደምታውቂው ስልክ አይሰማኝም። የላይኛውን ቁም ሣጥኑ ጋርዶት ከሆነ ባልሽ ያንሣው፤ አንቺ እንዳትነኪው፣ አራስ ነሽ።

ሕፃኗን ሳሚልኝ። ጨርቁን ነቀልሽው?

አባትሽ