ያለ ፀሐይ ያደረው ዳዊት

ይድረስ ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ገና ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ምክር አልረሳሁትም፤ የሥጋውን ዋጋ ሳየው ግን ልጆቹን በገብስ ሾርባ አታልላቸዋለሁ። እርስዎም ባናውን ለእንግዳ ብለው ሳጥን ውስጥ አያኑሩት፤ ይልበሱት።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ልጁ መጽሐፌን አንብቦልዎት እንደ ጨረሰ ነገረኝ። «ምን አሉ?» ብለው ዝም አለ። ወንድሜን ያውቁታል፤ ዝም የሚለው ሲጨንቀው ነው። ኋላ ግን አወጣው፤ «እኔ መቼ ደበቅሁ? ልጄ አታላይ አድርጋ ጻፈችኝ» ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዞሩ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤም የሚያነብልዎት ያው ልጅ ስለሚሆን፣ እየዘለለ እንዳያነብ አደራ ይበሉልኝ።

ልክ ነዎት፤ አልደበቁም። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከምጣድ ሥር ጥቀርሻ የምፍቀው፣ የቀለሙን ቀንድ ከመሬት የምተክለው፣ የመጻፊያ መቃ ሲቀርጹ ፍቅፋቂውን የምጠርገው እኔ ነበርሁ። ወንድሜ ብራና እንዲፍቅ ሲጠራ በጓሮ ይሸሻል፤ እኔ ማንም ሳይጠራኝ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። ያን ዳዊት ለመጻፍ ክረምቱ አልበቃዎትም። 150ው መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙ ሁሉ አልቆ፣ ባለቤቱ ነገ ሊወስደው ዋዜማውን በኩራዝ ሲያርሙት 135ኛው መዝሙር ላይ ቆሙ። «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» በየቁጥሩ የሚመላለስበት ነው፤ ከ20 ጊዜ በላይ። ዓይን ከአንዱ «ምሕረቱ» ተነሥቶ በሌላው «ምሕረቱ» ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለው ይቀራል። የቀረው ፀሐይን በቀን ላይ የሾመበት ቁጥር ነበር። ጨረቃና ከዋክብት በሌሊቱ ላይ ተሾመዋል፤ ቀኑ ግን ሹም አልነበረውም።

ሌሊቱን አልተኙም። ስሕተት ቢሆን በካራ ይፋቃል፤ የጎደለ ግን ምኑ ይፋቃል? ሲነጋ በገጹ ዳር፣ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርገው ቁጥሩን በደቃቅ ፊደል ጻፉት። ሰውየው ሲመጣ ገና ጠላ ሳይቀዳለት፣ «ጉድለት አለበት፤ ከፈለግህ ዋጋውን ቀንስ» አሉት። ስእለት ያለበት ገበሬ ነበር፤ ፊደል አይለይም። ባይነግሩት እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም ነበር።

በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ግን አልተናገረም። ዳዊቱን ዘግቶ አስረከበ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ያ ዳዊት የሚነበብበት ቤተ ክርስቲያን እየሄደ፣ አንባቢው እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር እየተሰቀቀ ይኖራል። አንባቢው ደግሞ መዝሙሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ያልተጻፈውን ሞልቶ ያነበዋል፤ ጉድለቱን የሚሰማው አንድ ጸሐፊው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጻፍሁት እንደ እርስዎ ነበር። ጸሐፊው ያገኘዋል፣ ይናገራል፣ ገበሬው «ምንም አይደል» ብሎ ዳዊቱን ይዞ ይሄዳል። ሦስት ገጽ ሳይሞላ አለቀ። ሐቀኛ ሰው ለጎረቤት መልካም ነው፤ ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ግን ለደራሲው ሥራ አይተውለትም። ሁለት ጊዜ አፍርሼ ጻፍሁት፤ ሚስት ጨመርሁለት፣ ዕዳ ጨመርሁለት፣ በሽታም ጨመርሁለት፤ ወይ ፍንክች! በሦስተኛው አፉን ዘጋሁት። ያን ቀን መጽሐፉ በራሱ እግር መሄድ ጀመረ።

ልብ ወለድ ማለት ፊደል የተማረ ውሸት ነው ብለውኝ ያውቃሉ። የጠፋው ልጅ ምሳሌስ ብልዎ፣ «እሱ ጌታ ነው፤ አንቺ ማን ነሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወጥተው ልብ ወለድ ጽፈዋል ብልዎ «እሳቸው ሚኒስትር ነበሩ» ይሉኛል። ይህችን ከተማ የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ደራሲ ነበሩ ብልዎ «እሳቸው ንጉሥ ነበሩ» ይሉኛል። ስለዚህ ክርክሩን ትቼዋለሁ።

ይልቅ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ስለ ነበር ልንገርዎ። ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ። የምጽፈው ማድ ቤት ነው፤ ከሰሉ ስላለ ይሞቃል። ኮምፒውተሩን ከሽንኩርቱ ሰሃን አጠገብ እከፍተዋለሁ። መብራት ከጠፋ በሻማ በደብተር ላይ እቀጥላለሁ፤ (በብርሃን ስም በተጠራች ከተማ መብራት መጥፋቱን ከተማው ሁሉ ቀልዶበት ስለ ጨረሰ እኔ አልጨምርበትም)። 12 ሰዓት ላይ ልጆቹ ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ የእኔ አይደለም፤ የተማሪዎቼ፣ የገበያው፣ የወፍጮ ቤቱ ነው። የሚገርመው ግን ሌሊት ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ ያጣሁት ቃል ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ይመጣል። አንዷ ሴት ስለ አማቷ ስታወራ «ዝምታዋ ይጮኽብኛል» አለች፤ ዱቄቴን ረስቼ ወደ ቤት ሮጥሁ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ የመጣልኝ ደግሞ ሽሮ ሳማስል ነው፤ ምዕራፉ ተረፈ፣ ሽሮው አረረ። ባለቤቴ ምንም ሳይል በላው፤ እግዜር ይስጠው።

አንድ ነገር ከእርስዎ ወስጃለሁ። በኮምፒውተር የጻፍሁትን ሁሉ እንደ ገና በእስክሪብቶ እገለብጠዋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ነገር ግን ማሽኑ ላይ ጣቴ አይደክምም፤ የማያስፈልግ ቃል እንደ ልቡ ይገባል። እጄ ሲዝል ግን «ይህን ቃል ለመጻፍ እጄን ላድክም ወይስ ይቅር?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛው ይቀራል። እርስዎ ከቅጂው አንዲት ፊደል መጨመርም መቀነስም አይችሉም ነበር። እኔ እንደ ልቤ እንድጨምር ተፈቅዶልኝ፣ የሚበጀኝ መቀነስ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝን ነገር ልናገር። በየመጽሐፉ መጨረሻ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ብለው ሲጽፉ እፈራ ነበር። ታሪክዎን የሰረቅሁትም የፋቅሁትም እኔ ነኝ፤ ፍርሃቴ ግን ከዚያ ይቀድማል። ያን መዝሙር ሲጽፉ የቀለሙ ቀንድ መውደቁን ያስታውሳሉ? ድመቷ ናት ብለው ጫማዎን ወረወሩባት። ድመቷ አልነበረችም። ክንዴ ነው የነካው። እርስዎ ቀና ብለው ቀንዱን አቁመው፣ የፈሰሰውን ጠርገው፣ ዓይንዎን ወደ ቅጂው ሲመልሱት በሌላው «ምሕረቱ» ላይ አረፈ። በዋዜማው በኩራዝ ገጹን ሲያዩ እኔም አይቼዋለሁ፤ የቀለሙ ጠብታ የተፋቀበት ቦታ ከዚያው ከጎደለው መስመር ግርጌ ነበር። ነገሩ ገባኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትቱ ነጠላዬን ተሸፋፍኜ እሰማ ነበር፤ አልተናገርሁም። ድመቷም ከቤት ተባረረች።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው ጢሙ የእርስዎ ነው፤ መቃ አቀራረጹም፣ ጉልበቱ ላይ ብራና ዘርግቶ መቀመጡም የእርስዎ ነው። ዝምታው ግን የእኔ ነው፤ 30 ዓመት አልፎታል። በራሴ ስም ልጽፈው ስላልደፈርሁ እርስዎን አለበስሁት። ይቅር ይበሉኝ።

ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። አውቶቡሱ በጣርማ በር በኩል ከቀኑ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ከመሸ ብደርስ አይስጉ። ከመጽሐፉ አንድ ቅጂ ይዤ እመጣለሁ፤ አሳታሚው ኅዳጉን ሰፋ አድርጎታል። ልጁ ያንብብ፤ እኔ ያጠፋሁበት ቦታ ሲደርስ «ቁም» ይበሉት፣ እውነቱ እንዴት እንደ ነበር ይንገሩኝ። ዓይንዎ ስለ ደከመ እርስዎ አይጽፉም፤ እኔ ምልክት አድርጌ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል እጽፋለሁ። መቃውንና ቀንዱን ብቻ ከቆጡ ያስወርዱልኝ። ቀንዱን እኔው እተክለዋለሁ።

አሁን ቤት ውስጥ ያለችውን ድመት ግን ያን ቀን ወደ ጎረቤት ይላኳት።

ልጅዎ
ከደብረ ብርሃን