ለኑክሌር ጣቢያው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የደኅንነት ግምገማው ለሕዝብ ይውጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥለው ይሠራሉ ካሏቸው ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንዱ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። ወር ሳይሞላ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው መንግሥታዊ የኑክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ፤ ብዙም ሳይቆይ የኑክሌር ኢነርጂ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሜጋ ዋቱና ስለ አገር ክብር ብዙ ሰማን። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የደኅንነት ግምገማውን ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚያጸድቀው፣ ለእኛስ እንዴት እንደሚነገረን ግን በቂ ንግግር አልሰማሁም። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኑክሌር አይሠራ ባይ አይደለሁም። መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመጣ ስለሆነ ክረምቱ ሲከዳን እሱም ይከዳናል፤ ሌላ ምንጭ መፈለጉ ተገቢ ነው። ችግሩ ይህ ቴክኖሎጂ ገንብተን ጉድለቱን እያየን የምናርመው ዓይነት አለመሆኑ ነው።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ሬአክተር፣ ማለትም የኑክሌር ምላሹ የሚካሄድበት የጣቢያው ክፍል፣ ውኃ እንደ ደፉበት ምድጃ ወዲያው አይበርድም። የኑክሌር ምላሹ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላም ነዳጁ ውስጥ ያለው ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር መሞቁን ይቀጥላል፤ በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ሙቀቱ 6 ወይም 7 በመቶ ያህሉ ይቀራል። 1,200 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ጣቢያ ይህ ወደ 200 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ነው። በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሆኖም ለብዙ ቀናት ያለማቋረጥ ውኃ ካልዞረበት ነዳጁ ይቀልጣል። ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ፓምፑን ማን ያንቀሳቅሰዋል የሚል ነው። ደመና ባጉረመረመ ቁጥር መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም።

ጃፓን ውስጥ ያለውን የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ያጠፋውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 መሬት ሲንቀጠቀጥ በሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ ሬአክተሮች በትክክል ቆመው ነበር። ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ የመጣው ሱናሚ ግን 14 ሜትር ገደማ ሆኖ ደረሰ፤ ጣቢያው የተዘጋጀው ለ5.7 ሜትር ነበር። ምድር ቤት የተቀመጡት የናፍጣ ጄኔሬተሮች በውኃ ተዋጡ፤ ሦስቱም ሬአክተሮች ቀለጡ። ቦታው ሲመረጥ ከባሕሩ 35 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ገደል ነበር። ዕቃ በመርከብ ለማውረድና ውኃ ለመሳብ እንዲቀል ተብሎ ተቆፍሮ ወደ 10 ሜትር ወረደ። ጥፋቱ የተሠራው ያኔ፣ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።

በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ለርዕደ መሬቱ መነሻ ይበልጥ ቅርብ የሆነ ኦናጋዋ የሚባል ሌላ የኑክሌር ጣቢያ አለ። ያ ሱናሚ እሱንም መትቶት ነበር፤ ነገር ግን ሬአክተሮቹ በሰላም ቆሙ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው የአካባቢው ሰዎችም ግቢው ውስጥ ተጠለሉ። ገና ሲታቀድ ያኖሱኬ ሂራይ የሚባሉ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ869 የደረሰውን የጥንት ሱናሚ አንስተው፣ ወጪው ይብዛ እንጂ ከፍ ተደርጎ ይሠራ ብለው ድርቅ አሉ። ጣቢያው 14.8 ሜትር ከፍታ ላይ ተሠራ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተዋል፤ ትክክል መሆናቸውን አላዩም። ሁለቱ ጣቢያዎች የተለያዩት መሠረት ሳይቆፈር በተደረገ ክርክር ነው።

እኛ አገር ሱናሚ የለም፤ የራሳችን የሆነ ግን አለን። እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ያየ ሰው ያስተውለው፤ ያ ክብ ውኃ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የጥርባ ሐይቅም እንደዚያው። ጣና ራሱ የዓባይን መውጫ የዘጋ የቀለጠ ድንጋይ ያቆረው ውኃ ነው። እሳቱ ዛሬ አለ እያልኩ አይደለም፤ ግን ይህን የሚያረጋግጠው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የድንጋዩን ዕድሜ ለክቶ የሚመለስ የጂኦሎጂ ባለሙያ እንጂ የመድረክ ንግግር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በኩል የተነሳው ርዕደ መሬት ማጀቴን እንዳፈራረሳት የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም አሉ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መመዘኛ ቦታ ሲመረጥ በመሣሪያ የተለካው ብቻ ሳይሆን በታሪክ የተጻፈውም እንዲመረመር ያዛል። ጃፓኖች የ869ኙን ሱናሚ ያወቁት ከጽሑፍ ነው። የእኛም ገዳማት፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና የጣና ደሴቶች፣ የዘመናት ብራና አላቸው። በየመጽሐፉ ኅዳግ መሬት ተናወጠች፣ ወንዝ ሞላ፣ ድርቅ ሆነ ተብሎ የተጻፈ ካለ፣ ገምጋሚዎቹ መሪጌታዎቹን ቁጭ ብለው ይጠይቁ። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም፤ የሥራው አካል ስለሆነ ነው።

የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። 1,200 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በማቀዝቀዣ ማማ የሚቀዘቅዝ ጣቢያ በግምት በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ በእንፋሎት ያጣል፤ በበጋም በድርቅም ያለ ፋታ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ ሳለ ለጢስ ዓባይ ማመንጫ ብዙ ውኃ ጣና መውጫ ላይ ካለው የጨረጨራ ግድብ በመለቀቁ ጣና ክፉኛ ሸሽቶ ነበር። ባሕር ዳር የመርከብ ጉዞ ተቋረጠ፤ ውኃው ጥሎት የሄደውን መሬት ገበሬው አረሰው። ያን ጊዜ ውኃ የቸገረው ተርባይን ብቻ ነበር። ጣቢያው ጎጃም ይሠራ ሌላ ቦታ፣ የዓባይን ወይም የገባሮቹን ውኃ የሚነካ ከሆነ በክፉ ዓመት ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

የአደጋ ጊዜ ዕቅድም አለ። ሰው በሰዓታት ውስጥ ከአካባቢው ይውጣ ሲባል የሚወጣው በየትኛው መንገድ ነው? ባለፉት ዓመታት በጎጃም መንገድ ተዘግቶ ወላድ ሐኪም ቤት ሳትደርስ የቀረችበት፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ቤተሰብ የተጠፋፋበት ጊዜ ነበር። ሰላም የሌለበትን ቦታ ሰላም አለው ብሎ የሚገመግም ሰነድ ዋጋ የለውም።

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ግን ገምጋሚው ማን እንደሚሆን ነው። አሜሪካ አቶሚክን የሚያስፋፋውንም የሚቆጣጠረውንም በአንድ ኮሚሽን ይዛ ቆይታ፣ አይሆንም ብላ እ.ኤ.አ. በ1974 በሕግ ለየቻቸው። የጃፓን ተቆጣጣሪ ኑክሌርን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ያለው ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት ኩባንያ ተሞዳሙደው ስላገኛቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ከሚኒስቴሩ ተለየ። ግብጽ ኤል ዳባ ላይ ከዚያው ከሮሳቶም ጋር ስትሠራ ለብቻው የቆመ የኑክሌርና የጨረራ ተቆጣጣሪዋ እ.ኤ.አ. በ2019 የቦታ ፈቃድ፣ በ2022 የግንባታ ፈቃድ ከሰጠ በኋላ ነው የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው።

እኛ ዘንድ ኮሚሽኑ ጣቢያው እንዲሠራ የሚተጋ አካል ነው፤ ፈቃድ ሰጪው እሱ ሊሆን አይገባም። የጨረራ ቁጥጥር ባለሙያዎቻችን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የራጅ መሣሪያና የመሳሰለውን ሲቆጣጠሩ የኖሩ ናቸው። ሬአክተር የሚገመግም ሰው ለማፍራት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሥልጠናው ከውሉ መቅደም አለበት። ሻጩ ያሠለጠነው ሰው ብቻውን የሻጩን ዕቃ እንዲመረምር ማድረግም ልክ አይመስለኝም፤ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የቦታና የመሠረተ ልማት ገምጋሚ ቡድኖች ይጠሩ፣ ሪፖርታቸውም ሳይቆራረጥ ይታተም።

በቅርቡ የእድራችን ስብሰባ ሲያልቅ ነገሩ ተነስቶ አንድ አባት «ጠይቀውን ነው ወይስ ነግረውን?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው፣ ለኮሚሽኑ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርባችሁ መልሱን እንድታትሙልን ነው። የቦታ ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው፣ ተጠሪነቱስ ለማን? የጂኦሎጂና የውኃ ጥናቱ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይወጣል ወይ? ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ስንት ወር ነው? ያገለገለው ነዳጅስ ወዴት ይሄዳል፣ ወደ ሩሲያ ይመለሳል ወይስ እዚሁ ይቀራል? መልስ ካልሰጧችሁም አለመስጠታቸውን ከነቀኑ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ