ለጋራ ጀልባችን እድሳት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሲያትልና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፤

በሁላችን መዋጮ የተገዛችውና ልጆቻችን በየበጋው በፒዩጀት ሳውንድ ላይ ሳልሞን ማጥመድንና የጀልባ አያያዝን የሚማሩባት የአሉሚኒየም ጀልባ ለመጪው ወቅት እንድትደርስልን የእናንተን እርዳታ እንጠይቃለን። ጀልባዋ ያለፈውን ወቅት በሺልሾል ቤይ ጨዋማ ውሃ ላይ ታስራ ስለቆየች፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው አካሏ ባርናክል በሚባሉትና የኖራ ቅርፊት ለብሰው ያገኙት ነገር ላይ በሚጣበቁ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ተሸፍኖ ነበር።

እንስሳቱን መግደል አልከበደንም። እ.ኤ.አ. በ1917 የተከፈተው የባላርድ የጀልባ መተላለፊያ ባሕሩን ከሌክ ዩኒየን ጋር ስለሚያገናኝ፣ የከተማዋ ባለ ጀልባዎች እንደሚያደርጉት ጨው ወደሌለበት ሐይቅ አስገብተን አቆየናት፤ ባርናክሎቹም ሞቱ። ያስቸገረን ትተውት የሄዱት ነው። ቅርፊቱ በፕላስቲክ መፋቂያ ሲገፋ ከላይ ይሰበራል፣ የተጣበቀበት ስስ የኖራ ወለል ግን እንደ ሳንቲም ክብና ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በጥፍር ቢፍቁት አይነሣም። አቼቶ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ሲለጠፍበት አረፋ እያወጣ ይለሰልሳል። ከተነሡት ክቦች በአንዳንዶቹ ሥር አሉሚኒየሙ መበላት ጀምሮ ጥቃቅን ጉድጓዶች አግኝተናል፤ ሥራው ለሌላ ዓመት መተላለፍ የለበትም የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በርካሽ ይጠናቀቅ የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት መቅረቡ አይዘነጋም። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ጠንካራ አሲድ እድፉን በአንድ ቀን ያነጣዋል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ አሉሚኒየም ከዝገት የሚጠበቀው አየር ሲነካው በላዩ በሚፈጠረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሆነ፣ ጠንካራ አሲድም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ ሽፋኑን አጥፍቶ ራሱን አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የብረት ሽቦ መፈተጊያም ብናኙ ላዩ ላይ ተሰክቶ ስለሚቀር በጨው ውሃ ውስጥ ዙሪያውን ይቦረቡረዋል። መዳብ ያለበት ቀለም ደግሞ ባርናክልን ቢከላከልም ከአሉሚኒየም ጋር በባሕር ውሃ ሲገናኝ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ለስላሳ አሲድ፣ የናይሎን ብሩሽና መዳብ የሌለበት ቀለም መርጠናል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገን 3,800 ዶላር ነው። አብዛኛው ጀልባዋን ከውሃ ለማውጣትና ለመጠገኛ ቦታ ኪራይ ይውላል፤ የእጥበቱ ውሃ ወደ ሐይቁ ሳይፈስ መሰብሰብ ስላለበት ሥራውን በየግቢያችን ልንሠራው አንችልም። ጣሪያ ያለው ቦታ የፈለግንበትም ምክንያት አለ፦ አሉሚኒየም በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ ኦክሳይዱ ወዲያው ስለሚመለስ ቀለሙን ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚያጣብቀው የመጀመሪያው የኢፖክሲ ቅብ በዚያው ቀን መቀባት አለበት፤ በሲያትል ዝናብ ይህን ደጅ ላይ መሞከር ገንዘብን መጣል ነው። የቀረው ለቀለሙና ዝገቱ ከጀልባዋ ይልቅ እነሱን እንዲበላ ተብለው ለሚታሰሩት የብረታ ብረት ቁራጮች ነው። ጀልባችን ከሐይቅ ወደ ባሕር የምትመላለስ በመሆኗ በሁለቱም ውሃ የሚሠሩትን የአሉሚኒየም ቁራጮች እንገዛለን፤ ከዚንክ የተሠሩት ጨው በሌለበት ውሃ ሥራቸውን ያቆማሉና።

መዋጮአችሁን ለገንዘብ ያዣችን በአካል ወይም በባንክ መስጠት ትችላላችሁ፤ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ የወጪው ዝርዝርም በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ይቀርባል። ገንዘብ ለማዋጣት አቅም የማይፈቅድላችሁ በጉልበት ብታግዙን የሠራተኛ ክፍያ ይቀንስልናል። ለፍተጋው ቅዳሜ ጠዋት የምትመጡ ሁሉ አሮጌ ልብስ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የጎማ ጓንት ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን እኛ እናዘጋጃለን።